ፒክአፕ ከፍ ማስደረግና ትልቅ ጎማ መምረጥ፦ ለወሎ መንገድ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሊፍት ኪት (መኪናን ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ) ይገዛል፣ ቀጥሎ ከፍ ላለው መኪና የሚመጥን ግዙፍ ጎማ ያፈላልጋል። ጭነቱን የሚያስበው ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎ (የጎማውን መሸፈኛ ቆርቆሮ) ይፍቃል፣ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይዘላል፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ የኋላ ፍሬኑ በደንብ አይይዝም። ገንዘቡ ወጥቶ መኪናው ከድሮው የባሰ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጭነት ይቅደም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ጎማ። ከፍታው መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ እሱም ጎማው በጠየቀው ልክ ብቻ። እዚህ የተጻፉት ቁጥሮች እንደ ሃይሉክስ ላሉ የ1 ቶን ፒክአፖችና ለ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር የሚሠሩ ናቸው። ለሌላ መኪና ቅደም ተከተሉን ያዙ፣ ልኩን ግን ከመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ መኪናው ዝቅ ያለው በእርጅና እንዳይሆን አረጋግጡ

1. መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክሉ።
2. ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ድረስ በሜትር ለኩ። የአራቱንም ልክ በሚሊሜትር ጻፉ።
3. የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ እንደገና ለኩ።
4. ከስር ገብታችሁ ባሌስትራውን (የተነባበሩትን የብረት ሞላዎች) እዩ፦ የተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ታች የተቀለበሰ አለ? ጎሚኒዎቹ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉት ላስቲኮች) ተበልተዋል? ሾክ አብዞርበሩ ዘይት አልቅሷል?

ግራና ቀኙ ከ15 ሚሜ በላይ ከተለያየ የደከመ ሞላ ወይም ባሌስትራ አለ፤ አለዚያም ሻንሲው ተጣሟል። ይህ ሳይታወቅ ሊፍት መግጠም መንጋደዱን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ለዓመታት እህልና ብሎኬት ያመላለሰ ፒክአፕ ባሌስትራው ሲቀየርለት ብቻ የጠፋ ከፍታው ሊመለስ ይችላል። ያ ከበቃችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ፣ የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ አውሉት።

ደረጃ 2፦ ጭነቱን መዝኑ እንጂ አትገምቱ

መኪናውን ወደ መኪና ሚዛን ውሰዱ። ኮምቦልቻን በመሰለ የፋብሪካና የንግድ ከተማ የመኪና ሚዛን ያለበት ግቢ ማግኘት አያስቸግርም። ሁለት ጊዜ አስመዝኑ፦ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ በተለመደው ጭነት። ከቻላችሁ የፊትና የኋላ አክሰሉን ለየብቻ አስመዝኑ።

ሚዛን ካጣችሁ ደምሩ። አምስት ሰው ከነሻንጣው 400 ኪግ አካባቢ ይሆናል። 5 ኩንታል ጤፍ 500 ኪግ ነው። ሁለቱ ብቻ 900 ኪግ ሆኑ። ገና የብረት መከላከያው፣ የጣሪያ ፖርቶመጋላው (ዕቃ መጫኛው)፣ ሁለተኛው ስኮርታ (መለወጫ) ጎማና የናፍጣ ጀሪካኑ አልተቆጠሩም። የ1 ቶን ፒክአፕ አቅሙን የሚጨርሰው ባለቤቱ ከሚያስበው በጣም ቀድሞ ነው።

የኋላ ባሌስትራ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ኪት ሻጮች ባሌስትራውን በሚሸከመው ቋሚ ጭነት ይለያሉ፦ ለባዶ፣ ለቋሚ 300 ኪግ፣ ለቋሚ 500 ኪግ እያሉ። የምትመርጡት በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ለምትጭኑት እንጂ በዓመት አንዴ ለምትጭኑት አይደለም። ለ500 ኪግ የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ ይደርቃል፣ ኮረት ባለበት ኩርባ ላይ ኋላው ይንሸራተታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠንካራ ባሌስትራ የመኪናውን የተፈቀደ ጭነት አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክሰሉ፣ ኩሽኔታውና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። ኋላው ባለመውረዱ ተታላችሁ ኩንታል አትጨምሩ።

ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን በሐቀኝነት ለዩ

ወሎ አንድ ዓይነት መንገድ የለውም። ሥራችሁ ከኮምቦልቻ ወልድያ ወይም ባቲ ከሆነ አብዛኛው ሩጫ አስፋልት ነው። ወደ በሽሎ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ ጠላታችሁ ስለታም ድንጋይና ረጅም ቁልቁለት ነው። ደላንታ፣ ጃማ ወይም ወረኢሉ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ የምትገቡ ከሆነ ጉዳዩ ዋልካ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። ዋልካውም የክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግ ከጣለ መጋቢት ላይም ይይዛችኋል።

በወር ውስጥ ከምትነዱት ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ኮረት፣ ስንቱ ጭቃ እንደሆነ በመቶኛ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ሲጽፈው ጭቃው ከገመተው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል፣ የጎማ ምርጫውም እዚያው ላይ ይለወጣል።

ደረጃ 4፦ ጎማውን ምረጡ

ሀ. ዓይነቱ

አስፋልትና ደረቅ ኮረት ከሰባ በመቶ በላይ ከሆነ ኤ/ቲ የሚባለውን፣ ለሁለቱም የሚሆነውን ጎማ ግዙ። ለወሎ አብዛኛው አሽከርካሪ የምመክረው ይህንን ነው። ኤም/ቲ፣ ማለትም ጥርሱ ሰፋፊ የጭቃ ጎማ፣ ዋልካ ላይ ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል። ጭጋግና ካፊያ በማይለየው የደሴ ዙሪያ ኩርባ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋልካ የሚገጥማችሁ አልፎ አልፎ ከሆነ ኤ/ቲ ጎማ ከነሰንሰለቱ ያዙ። ትልቅ ጎማ ከመረጣችሁ ግን ሰንሰለቱ የሚገባበት ክፍተት በጎማውና በላይኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ) መካከል መቅረቱን አስቀድማችሁ ለኩ።

ለ. ቁመቱ

የጎማውን ቁመት ራሳችሁ አስሉ። 265/65አር17 ሲባል 265 ስፋቱ በሚሜ ነው፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው፣ 17 ቸርኬው በኢንች ነው።

• 265 × 0.65 = 172 ሚሜ፣ የአንድ ጎን ቁመት
• ሁለቱ ጎን 344.5 ሚሜ፣ ቸርኬው (17 × 25.4) 431.8 ሚሜ
• ጠቅላላ 776 ሚሜ

በተመሳሳይ ስሌት 265/70አር17 ወደ 803 ሚሜ፣ 285/70አር17 ወደ 831 ሚሜ ይመጣል። ከመሬት የምታተርፉት የልዩነቱን ግማሽ ነው። ከ776 ወደ 803 ብትሄዱ ዲፈረንሻሉ (በአክሰሉ መሀል ያለው ጉብታ) የሚነሳው 13 ሚሜ ነው፤ ወደ 831 ብትሄዱ 27 ሚሜ።

ይህ ከንቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የኋላ ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ሊፍት ኪት የኋላ አክሰሉን አንድ ሚሊሜትር አያነሳውም። ድፍን አክሰል ያለው መኪና ዋልካ ውስጥ በዲፈረንሻሉ ሲቀመጥ ሊፍቱ የሚያወጣው የሚመስላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ጎማ ዋጋም ያስከፍላል። ከ776 ወደ 831 ሲኬድ ቁመቱ 7 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ፍጥነት መለኪያው 60 ሲል እናንተ በ64 እየሄዳችሁ ነው። እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው ልክ ይከብዳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አስረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል። በዚያ ላይ 7 በመቶ ሲጨመር በሁለተኛ የምትወጡትን ዳገት በአንደኛ ትወጡታላችሁ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሥራው ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ስለዚህ ከዋናው ልክ 3 ወይም 4 በመቶ ጨምሩና አቁሙ። 776 ለነበረው 803 ማለት ነው። 7 በመቶ የምትሄዱ ከሆነ ቱርቦ ያለው ሞተርና ጤነኛ ፍሬን ይኑራችሁ።

ሐ. የመሸከም አቅሙና ዕድሜው

ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የመሸከሚያ መለያ ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪግ ይሸከማል፣ 121 ማለት 1450 ኪግ። ፋብሪካው ካስቀመጠው በታች ፈጽሞ አትውረዱ። ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ፤ ጎኑ ጠንከር ያለ ነው። ክብደቱ ግን ይጨምራል፣ ለተመሳሳይ ጭነትም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ዲኦቲ የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ። 2321 ቢል በፈረንጆች 2021፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ ሰኔ 2013 መሆኑ ነው። ጽሑፉ በአንዱ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ሊታተም ስለሚችል ካላያችሁት ጎማውን ገልብጡት። ከ5 ዓመት በላይ መጋዘን የተቀመጠውን «አዲስ ነው» ቢሏችሁም ተዉት። ጥርሱ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል፣ ቆቦ ሜዳ ሙቀት ላይ ሲሞቅ ይሰነጠቃል።

መ. እዚሁ የሚገኝ ልክ

ከመግዛታችሁ በፊት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላሉ ጎማ ሻጮች ደውሉ። ያ ልክ ከሁለት ቦታ በላይ ከሌለ ሌላ ምረጡ። የማይገኝ ጎማ አንዱ ሲፈነዳ መኪናውን ለቀናት ያስቀምጣል። አምስት ግዙ፣ አራት አይደለም። የተለየ ቁመት ያለው ስኮርታ አስራችሁ በአራት ጎማ ኃይል ብትነዱ ማስተላለፊያውና ዲፈረንሻሉ ይታነቃሉ። አምስተኛው ጎማ ስኮርታው የሚታሰርበት ቦታ መግባቱንም ለኩ።

ደረጃ 5፦ ከፍታውን ምረጡ

ልካችሁ ከ40 እስከ 50 ሚሜ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲኬድ እንደ ሃይሉክስ ባሉት ላይ የፊቱ ሲቪ ጆይንት (የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ) አንግሉ ይከፋል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ላይኛው ብራቾ መቀየር ይኖርበታል፣ አላይመንቱ እሺ አይልም። የመኪናው የስበት ማዕከልም ይነሳል። የወሎ ገጠር መንገድ ወደ ገደል ያጋደለ ጠባብ ቅያስ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ጠርዙ ይሸሻል። እዚያ ላይ ከፍ ያለ መኪና፣ ጣሪያው ላይ ጭነት ተጨምሮበት፣ ሰው ይገድላል። ይህንን አቅልላችሁ አትዩት።

የማንሻ ዘዴዎቹ እኩል አይደሉም፦

• ሙሉ ኪት፦ የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራና ለዚያ ከፍታ የተሠራ ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ። የምመክረው ይህንን ብቻ ነው።
• ስፔሰር፦ ከሞላው በላይ የሚገባ ጉርድ ብረት። ርካሽ ነው። 25 ሚሜ ድረስ ባዶውን ለሚሄድ መኪና ያገለግላል። ከዚያ በላይ ሾኩ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ይመታል።
• የኋላ ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ማስረዘም፦ ባሌስትራውን አያጠነክርም፣ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ተዉት።
• አንድ ባሌስትራ ማስገባት፦ ለጭነት ይረዳል። ከሌሎቹ ጋር ካልገጠመ ግን ዋናውን ባሌስትራ ይሰብራል።
• የድሮ ሃይሉክስን ቶርሽን ባር (ፊቱ ላይ በሞላ ፈንታ የሚሠራውን ዘንግ) ማጥበቅ፦ ፊቱ ይነሳል፣ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ግን ያልቃል፣ ጉድጓድ ሲመታ ይቀጠቅጣል። ከ20–25 ሚሜ አትለፉ።
• በሻንሲና በጋቢና መካከል ጉርድ መጨመር፦ ለጎማ ቦታ ይከፍታል እንጂ ሻንሲውን ከመሬት አያነሳም። የመሪ ዘንግና የማርሽ ዘንግ ያጣምማል። አልመክርም።

ደረጃ 6፦ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ያዘጋጁ

1. ሊብሬውን ይዛችሁ ወደ መዘገባችሁ የትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ለውጡ ለዓመታዊ ምርመራ እንደማያግዳችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሱንም አሳውቁ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።
2. ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ-ብሎኖች አዲስ ግዙ። የድሮዎቹ አንዴ ተስበዋል፣ መልሰው አያጠብቁም።
3. አዲስ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይትና ግሪስ ያዙ።
4. የፍሬን ላስቲክ ቱቦዎቹን ርዝመት እዩ። አክሰሉ ሙሉ ለሙሉ ሲንጠለጠል የሚወጠሩ ከሆነ ረዘም ያሉትን አስመጡ።
5. ቸርኬ የምትቀይሩ ከሆነ ወደ ውጭ በጣም የሚወጣውን አትምረጡ። ኩሽኔታውን ይበላል፣ ጎማውም ሲጠመዘዝ ሰፊ ክብ ስለሚሠራ ፓራፋንጎ ይነካል። በቸርኬና በሃብ (ቸርኬው በሚታሰርበት መሀል) መካከል የሚገባውን ስፔሰር ጨርሶ አታስገቡ።

ደረጃ 7፦ አገጣጠሙ

መካኒኩ ቢሠራውም አጠገቡ ቁሙ። የሚበላሸው በቅደም ተከተል መዛባት ነውና።

1. ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ። ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ።
2. ከኋላ ጀምሩ። አክሰሉን በክሪክ ደግፉ፣ ሾኩን ፍቱ፣ ከዚያ ዩ-ብሎኖቹን፣ ከዚያ ባሌስትራውን።
3. አዲሱን ባሌስትራ አስገቡ። መሀሉ ላይ ያለችው የብሎን ጭንቅላት በአክሰሉ መቀመጫ ቀዳዳ በትክክል መግባቷን በጣት ዳስሱ። ካልገባች አክሰሉ ጠመም ብሎ ይታሰራል።
4. የጎሚኒ ብሎኖችን አሁን ለጊዜው ብቻ እሰሩ።
5. ወደ ፊት እለፉ። ማስጠንቀቂያ፦ ሞላው በማመቂያ መሣሪያ ሳይታሰር የሾኩን የላይኛውን ዳዶ አትፍቱ። ሞላው ተስፈንጥሮ ፊትና እጅ ይሰብራል።
6. ጎማዎቹን አስሩ፣ መኪናውን መሬት አውርዱ፣ ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሱት።
7. የጎሚኒ ብሎኖችን ሁሉ አሁን፣ መኪናው በእግሩ ቆሞ ሳለ አጥብቁ። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀ ጎሚኒ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ስለሚኖር በጥቂት ወር ይቀደዳል። በየጋራዡ በብዛት የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው።
8. የኋላ ፍሬን ማስተካከያውን እዩ። ከኋላ አክሰሉ በላይ፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረች ትንሽ የብረት ሳጥን አለች፤ ከእሷ ወደ አክሰሉ ቀጭን ዘንግ ይወርዳል። ዘንጉ ጭነት ሲኖር ኋላው መውረዱን ያያል፣ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። መኪናው ሲነሳ ግን ሳጥኗ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብላ ታምናለች፣ የኋላ ፍሬኑን ትቀንሳለች። ከፍ ባለው ልክ ዘንጉን ወይም ማሰሪያውን ካላስተካከላችሁ 5 ኩንታል ጭናችሁ ሐረጎን ስትወርዱ የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል፣ ይደክማል። መኪናችሁ ይህ ከሌለው እለፉት።
9. አላይመንት አሠሩ። ካስተሩ (መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የፊት ጎማ ዝንባሌ) መስተካከሉን በስሙ ጠይቁ፤ ብዙዎች ጎማ ማቅናት ብቻ ሠርተው ይለቃሉ።
10. የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጉ፤ ካልሆነ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ ያለው) ጎማና ባለ ቀለበት ቸርኬ ላላቸው የቆዩ ላንድክሩዘሮች፦ ጎሚስታው ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። በሰንሰለት ወይም በብረት ሳጥን ውስጥ ካላደረገው ሌላ ጎሚስታ ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ሞክሩ

የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡ። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ ጠምዝዛችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ቀጥሎ አንዱን የፊት ጎማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ እንደገና ጠምዝዙ። ጠመኔው የታተመበት ቦታ የሚፋቀው ነው፦ ብዙ ጊዜ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ፣ የጭቃ መከላከያው ላስቲክ ወይም የጋቢናው የፊት ማረፊያ ነው። ፕላስቲክና ላስቲክ ከሆነ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል። የፍሬን ቱቦን ወይም የላይኛውን ብራቾ ከነካ ጎማው ትልቅ ነው፣ መልሱት።

ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ከ40 ኪሜ ፍጥነት ሦስት ጊዜ በኃይል ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም። ከ50 እስከ 100 ኪሜ ከሄዳችሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎችን፣ ከ500 ኪሜ በኋላ ዩ-ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

ንፋሱን በር ላይ ከተለጠፈው ልክ ጀምሩ፤ ኤልቲ ከሆነ ለጭነታችሁ የሚመጥነውን ከጎማው ሠንጠረዥ ውሰዱ። ሻካራ ድንጋይ ላይ እስከ 26–28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ድረስ ማውረድ ይቻላል፣ ግን በዝግታ፣ ቀላል ጭነት ይዞ፣ አስፋልት ሲደረስ መልሶ በመሙላት። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ብዙ አይወርድም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ቫልቩን ይቆርጠዋል።

ችግር ሲፈጠር

መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፦ ካስተሩ ቀንሷል። አላይመንት ማስተካከል ካቃተው 70 ተከታታይ ላይ የካስተር ጎሚኒ፣ ሃይሉክስ ላይ የላይኛው ብራቾ ያስፈልጋል።

ከ60 ኪሜ በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፦ መጀመሪያ ባላንስ አሠሩ። ካልጠፋ የቸርኬው መሀል ሃብ ላይ በትክክል መቀመጡን፣ ቀጥሎ ቦል ጆይንቱን እዩ።

ከስር፣ ከኋላ ከወንበር በታች የሚያንጎራጉር ንዝረት መጥቷል፦ የትራንስሚሽኑ (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ) አንግል ተለውጧል፣ ክሮቼራው (የዘንጉ መጋጠሚያ) ይሠቃያል። አክሰሉን ትንሽ የሚያዘነብል ሽብልቅ ይገባል ወይም ከፍታው ይቀነሳል። ንዝረቱን ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትሂዱ።

ባዶውን ይዘላል፦ የገጠማችሁት ባሌስትራ ለጭነታችሁ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው። ንፋስ መቀነስ አይፈታውም። ሻጩ እንዲቀይርላችሁ ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን ሚዛን አሳዩት።

ከተገጠመ በኋላ አንዱ ጎን ዝቅ ብሏል፦ የጎሚኒ ብሎኖቹን ፈታ አድርጋችሁ መኪናውን ነቅንቁ፣ መልሳችሁ በመሬት ላይ አጥብቁ። ካልተስተካከለ የግራና የቀኝ ሞላ ተቀያይሮ ገብቶ ይሆናል፤ አንዳንድ ኪት ላይ የሹፌሩ ጎን ሞላ የተለየ ነው፣ ምልክቱን አንብቡ።

ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፦ ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ። ያም ካልበቃ ወደ አነስተኛው ጎማ ተመለሱ። የዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር ትክክለኛው መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን ባለ አራት ጎማ ኃይል ላይ የፊቱም የኋላውም አብሮ መቀየር አለበት።

ወንዝ ስትሻገሩ ዲፈረንሻል ዘይቱ ነጣ፦ ውኃ ገብቷል። ዘይቱን ወዲያው ቀይሩ፣ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ አስረዝሙ። 5 ሴንቲሜትር መነሳት አላውሃን በመሰለ ወንዝ ላይ ጎርፍ አያሻግርም። ውኃው ከቸርኬው መሀል ካለፈና ከቀላ፣ ማዶ ያለው ጉዳይ ምንም ቢሆን ውኃው እስኪጎድል ቁሙ።